የመታጠፊያው ማሾ

ጋሽ ተሰማ ማረፋቸውን የነገረኝ ሰዒድ ነው። መናኸሪያ ቲኬት እየቆረጥኩ ሳለ መጥቶ መስኮቴ ላይ ቆመ። ተሳፋሪ መስሎኝ ቀና ሳልል «ወዴት ነህ?» አልኩት።

«ጽጌ፣ አባባ ተሰማ አረፉ» አለኝ።

ከዚያ ፊቱን በክንዱ ሸፍኖ መስኮቱ ላይ ተደፋ። ከኋላው የተሰለፉት ሰዎች አባቱ የሞቱበት መስሏቸው ጠበቁት። ሰዒድ የጎረቤት ከተማችን የጀውሃ ልጅ ነው፤ ከጋሽ ተሰማ ጋር በሥጋም በጋብቻም አይገናኝም። የተሳሰሩት በሌላ ነው፤ የጋሽ ተሰማን ልጅ ዮናስን ገደልክ ተብሎ ታስሮ ነበር።

ጋሽ ተሰማ የሸዋ ሮቢት መናኸሪያ የስምሪት ኃላፊ ነበሩ። የትኛው መኪና እንደሚወጣ፣ የትኛው እንደሚቀር የሚወስኑት እሳቸው ናቸው። ከዚያ በፊት በአዲስ አበባና ደሴ መስመር ትልቅ አውቶቡስ ሲነዱ ኖረው፣ አንድ ዓይናቸውን ሞራ ሲጋርደው ነው መሪ የለቀቁት። በሮቢት ሙቀት ሰው ሁሉ ሸሚዙን ከፍቶ ሲውል እሳቸው እስከ አንገታቸው ቆልፈው ይውላሉ። አንድ ሚኒባስ ሊወጣ ሲል ጎንበስ ብለው ጎማውን በመዳፋቸው ይዳብሱታል። ሹፌሮቹ ይስቁባቸዋል።

«ጋሼ፣ በግ ገበያ የመጡ መሰልዎት እንዴ?»

«በግማ ቢከሳ የሚጎዳው የገዛው ነው» ይላሉ፤ ጎማው ካላማራቸውም መኪናው አይወጣም። ስንት ጊዜ ተሳደቡ። ስንት ጊዜ አለቃ ተጠራባቸው። ፈቀቅ አይሉም።

መስመራችን አደጋ አያጣውም። አንድ መኪና ተገለበጠ በተባለ ቁጥር ሻይ ቤቱ ውስጥ ሁሉም ሰው ምክንያቱን ያውቃል፤ ሹፌሩ ሲፈጥን ነው፣ ሹፌሩ ሲተኛ ነው፣ ጫት ነው። ጋሽ ተሰማ ሁሉንም ሰምተው ሲያበቁ «ከዚያ በፊትስ?» ይላሉ። ፍሬን እምቢ አለው ከተባሉ፣ ከዚያ በፊትስ? ጭነት በዝቶ ነው ከተባሉ፣ ከዚያ በፊትስ፣ ማን ጫነው? አንዳንዱ ይሰለቻቸው ነበር። አንድ ቀን እኔም ሰልችቶኝ «ጋሼ፣ ሹፌሩ ራሱ ሞቷል እኮ፣ ምን ያደርግልዎታል?» አልኳቸው።

«ለዚህ ነዋ» አሉኝ። «የሞተ ሹፌር ምንጊዜም ጥፋተኛ ነው። ቆሞ አይከራከርማ።»

ይህን ሲሉ የራሳቸው ልጅ በሕይወት ነበር።

ዮናስ የመጨረሻ ልጃቸው ነው። የሞተር ሳይክል መለዋወጫ ይሸጥ ነበር፤ ሳቂታ፣ ሰው ወዳጅ። በዚያ ዓመት ከተማው የስፖርት ቀን ሲያከብር የሞተር እሽቅድድም ይኑር ተባለና ኮሚቴ ተቋቋመ። ሰብሳቢው አንድ ባለሆቴል ነበር። አስፋልቱ ለጠዋቱ ተዘግቶ፣ ተወዳዳሪዎቹ ከከተማው ጫፍ ወደ ጀውሃ አቅጣጫ ሄደው ይመለሳሉ። ጋሽ ተሰማ ልጃቸውን ከለከሉት ብል ውሸት ነው። ጎማውን ዳብሰው፣ ፍሬኑን ራሳቸው ሞክረው ነው የላኩት።

እኔ የቆምኩት መነሻው ጋ ነበር። ዮናስና ሰዒድ ሌሎቹን ጥለው አንድ ላይ ሲፈተለኩ አየሁ። ሁለቱ ጓደኛሞች ነበሩ፤ ሰዒድ ዕቃ የሚገዛው ከዮናስ ሱቅ ነው። ከዚያ በኋላ ያየሁት ሰው በጀውሃ መንገድ ላይ ወዳለው ድልድይ ሲሮጥ ብቻ ነው። ከድልድዩ በፊት ባለችው መታጠፊያ የዮናስ ሞተር ተንሸራቶ ከሥሩ ወጣ፤ እሱ ከድልድዩ ግንብ ጋር ተጋጨ። ሐኪም ቤት ሳይደርስ ሞተ።

«ሰዒድ በእግሩ ገፋው» የሚለው ወሬ ከሬሳው ቀድሞ ከተማ ገባ። ገፋው ያሉት ሰዎች የነበሩት ከመንገዱ ርቆ ባለ የማሽላ እርሻ ውስጥ ነው። ግን ማን ይጠይቃል? ጎረቤታችን አጣዬ ስትቃጠል ያየ ሰው ወሬ በእኛ አገር ምን እንደሚያደርግ አይጠፋውም። ዮናስ ክርስቲያን፣ ሰዒድ ሙስሊም መሆኑን እስከዚያ ቀን ማንም ልብ ብሎት አያውቅም ነበር፤ በዚያን ቀን ግን ሁሉም ትዝ አለው። ፖሊስ ሰዒድን አሰረው። ኮሚቴውም አደጋው በተወዳዳሪዎች መገፋፋትና ከመጠን ባለፈ ፍጥነት የደረሰ ነው ሲል አስታወቀ።

ጋሽ ተሰማ ይህን የሰሙት ለቅሶ ድንኳን ውስጥ ተቀምጠው ነው። «የእሽቅድድም ፍጥነት ከመጠን የሚያልፈው የቱ ጋ ሲደርስ ነው?» አሉ።

የወንድሞቻቸው ልጆች ከቀወት ገጠር መጥተው ነበር። ከመካከላቸው ትልቁ ተነሥቶ «አጎቴ፣ ደማችን መሬት ላይ አይቀርም፤ አንድ ቃል ይበሉን» አላቸው። ባለቤታቸው እትዬ አስካለ ከማዶ አንገታቸውን ቀና አድርገው ባላቸውን ያያሉ።

«ተቀመጥ» አሉት ጋሽ ተሰማ። «ልጄ እንዴት እንደሞተ ሳላውቅ ደመኛ አልመርጥም።»

ልጁ ተቀመጠ። በዚያ ቀን ሮቢትንም ጀውሃንም ያዳነው ይህ ቃል ነው፤ ያመሰገናቸው ሰው ግን አላየሁም። እንዲያውም «ሽማግሌው ፈሪ ነው» ተባለ። እትዬ አስካለም ከዚያ ቀን ጀምሮ ፊታቸውን አዞሩባቸው።

ከሠልስቱ በኋላ ጋሽ ተሰማ ብቻቸውን በእግር ወደ መታጠፊያዋ ሄዱ። ሲመለሱ ወደ እኔ ቢሮ ገቡና መሐረባቸውን ፈትተው ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጉ። አንድ እፍኝ የማትሞላ ማሾ ናት፤ አቧራ የለበሰች ድቡልቡል ጥራጥሬ።

«ከአስፋልቱ ስንጥቅ ለቅሜ ነው» አሉ። ከዚያ ሲሚንቶው ላይ በተኑትና «እስቲ እርገጪው» አሉኝ። ረገጥኩት። ጫማዬ ከሥሬ ሄደ፤ ክንዴን ባይዙኝ ኖሮ ወድቄ ነበር። እሳቸው እኔን አላዩም፤ የሚያዩት ወለሉን ነው። «ልጄን ማንም አልገፋውም» አሉ ቀስ ብለው።

በቆላችን ማሾ ሲደርስ ሰው አስፋልት ላይ ያሰጣዋል። ፀሐዩ ያደርቅለታል፣ መኪናው እየረገጠ ይወቃለታል። ሁሉም ያደርገዋል። በዚያች መታጠፊያ የምታሰጣው ግን ዘነበች እንደሆነች የሰፈሩ ሰው ያውቃል። ባሏ ሞቶባት መሬቷን በእኩል እያሳረሰች ከአንዲት ሴት ልጇ ጋር የምትኖር ናት። ጋሽ ተሰማ «ብቻዬን ብሄድባት ትደነግጣለች፤ አንቺ ሴት ነሽ፣ ተከተይኝ» አሉኝና አብረን ሄድን።

ዘነበች ስታያቸው ገና ከደጅ እግራቸው ላይ ወደቀች። የምታውቀው ነገር እንዳለ ሳንጠይቃት ተረዳን። ጋሽ ተሰማ አንሥተው አስቀመጧትና «የሆነውን ንገሪኝ፤ ከመጀመሪያው» አሏት።

«መንገዱ እንደሚዘጋ የነገረኝ የለም ጋሼ። ማሾዬን አስጥቼ ሳለ የኮሚቴ ባጅ ያንጠለጠሉ ሁለት ሰዎች በመኪና መጡና አንሺ አሉኝ። በማዳበሪያ ከረጢት እየሞላሁ ሳለሁ የክብር እንግዳው ደርሷል ተብሎ ተደወለላቸው። ጠርጌ ልጨርስ ስላቸው፣ አንቺ ከመንገድ ውጪ፣ ጥረጊያውን እኛ እንጨርሳለን አሉኝ። መጥረጊያዬን ከእጄ ተቀበሉኝ። ትንሽ ወዲያ ወዲህ አደረጉና ጥለውት ሄዱ።»

«መታጠፊያዋ ላይ ባንዲራ ይዞ የሚቆም ሰው አልነበረም?»

«አንድ ነበር። እሱንም የእንግዳውን ድንኳን ይዘህ አቁም ብለው ወሰዱት።»

ጋሽ ተሰማ ይቆጣሉ ብዬ ነበር። እንባቸው ብቻ ወረደ፤ አልጠረጉትም። ከዚያ «አንድ ልጅ ያለ ጥፋቱ ታስሯል፤ ይህንን ፖሊስ ፊት ትናገሪያለሽ?» አሏት።

«ብናገር እኔን አይዙኝም ጋሼ?»

«የሟቹ አባት እኔ ነኝ። እኔ ካልከሰስኩሽ ማን ይከስሻል?»

ይህን ሲሉ ከልባቸው ነበር። ዕድሜያቸውን ሙሉ አደጋ ሲመረምሩ የኖሩት ሰው፣ ሕግ የሟች አባት ብቻ አለመሆኑን በዚያች ሰዓት ረሱት። ወይም ሰው እውነቱን ሙሉውን ከሰማ ሙሉውን ይቀበላል ብለው አመኑ። ዘነበች አመነቻቸው። በማግስቱ ነጠላዋን አጣፍታ መጥታ ያየችውን ሁሉ ለፖሊስ ተናገረች።

ሰዒድ ተፈታ። አባቱ ከጀውሃ ሽማግሌ አስከትለው፣ በግ አስጎትተው መጡ። «አላህ ይስጥልን፤ ልጃችንን ሰጡን» አሏቸው። ጋሽ ተሰማ ደጃፋቸው ላይ ቆመው «የወጣው ያልገደለ ሰው ነው፤ ምን ውለታ አለብዎት? በጉን ይውሰዱ» አሏቸው። ሰዎቹ ተቀይመው ሊሄዱ ሲሉ ሰዒድ ቀረብ ብሎ የጋሽ ተሰማን ጉልበት ሳመ። እሱን ግን አላሰናበቱትም፤ ይዘውት ገቡ። እትዬ አስካለ ያን ጊዜ ከጓዳ አልወጡም።

ሰዒድ ተፈቶ ብዙም ሳይቆይ ዘነበች ተያዘች። መንገድ ላይ እህል አስጥታ በቸልተኝነት ለሰው ሞት ምክንያት ሆናለች ተባለ። ጋሽ ተሰማ ወሬው ሲደርሳቸው የያዙትን የስምሪት ደብተር ጥለው በፍጥነት ወጡ፤ ተከተልኳቸው። ዓቃቤ ሕጉ ወጣት ነው፤ በአክብሮት ነው ያስቀመጣቸው።

«ይህች ሴት የነገረቻችሁ ሁለት ነገር ነው» አሉት። «ማሾው የእኔ ነው ብላለች፤ ጠርገን እንጨርሳለን ብለው አባረሩኝም ብላለች። አንዱን አምናችሁ ሌላውን እንዴት ጣላችሁት?»

«አባቴ፣ ማሾው የእሷ መሆኑን ራሷ አምናለች። የኮሚቴው ሰዎች ግን የተባለውን አላመኑም፤ ጠርጊ ብለን ነግረናታል፣ ጠርጌያለሁ ብላናለች ነው የሚሉት። ምስክር ካለዎት ያምጡ።»

«ባንዲራ ያዡስ?»

«እሱም ከቦታዬ አልተነሣሁም ብሏል።»

ጋሽ ተሰማ ቆባቸውን በእጃቸው ሲያሽከረክሩ ቆዩና «እኔ ነኝ ያመጣኋት» አሉ። ዓቃቤ ሕጉ ውሃ ይምጣልዎት አላቸው።

ችሎት ቀን የሟቹ አባት የተከሳሽ መከላከያ ምስክር ሆነው ቆሙ። አዳራሹ ጉድ አለ። የወንድሞቻቸው ልጆች ተነሥተው ወጡ። እትዬ አስካለ ከል ለብሰው ከፊት ወንበር ተቀምጠዋል። ዳኛው «በአደጋው ጊዜ ቦታው ላይ ነበሩ?» ብለው ጠየቋቸው። አልነበርኩም አሉ። «የኮሚቴው አባላት ለተከሳሿ ሲናገሩ በጆሮዎ ሰምተዋል?» አልሰማሁም አሉ። ሰውን ሁሉ ምክንያት ሲያስፈትሽ የኖረው አንደበታቸው በአንድ «አልነበርኩም»ና በአንድ «አልሰማሁም» አለቀ። ዘነበች ተፈረደባት። ልጇን ማጀቴ ያለችው እህቷ ወሰደቻት፤ መሬቷም በእኩል ያርሳት በነበረው ሰው እጅ ገብታ ቀረች።

ከዚያ በኋላ ጋሽ ተሰማ እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ስንቅ ይዘው ወደ ማረሚያ ቤት ይሄዳሉ። ስንቁን የማበስለው እኔ ነኝ። ቤታቸው እንዳይበስል «ልጄን ለገደለች ሴት በእኔ ምጣድ?» ብለዋል እትዬ አስካለ። አልፈርድባቸውም። ሰው የሚጠላው ሰው ሲሰጠው ቢያንስ ሐዘኑ ማረፊያ ያገኛል፤ ባላቸው ግን ያንን እንኳ ሊነፍጓቸው ነበር።

አንድ እሑድ አብሬያቸው ሄድኩ። ዘነበች ከሽቦው ወዲያ ቆማ ስንቁን ተቀበለች። ደህና ነሽ ሲሏት ደህና ነኝ ትላለች፤ ሌላ ቃል የላትም። ልንሄድ ስንል ግን ጠራቻቸው።

«ጋሼ፣ እርስዎ እውነትዎን አገኙ» አለች። «እኔ ልጄን አጣሁ። ዝም ብል ኖሮ ምን ነበረበት?»

«ሰዒድ ይሞት ነበር» አሏት።

«አውቃለሁ» አለችና ገባች።

በመልሳችን መናኸሪያው ጋ ስንደርስ ጋሽ ተሰማ «ከዚያ በፊትስ ስል ኖሬ፣ ከዚያ በኋላስ ሳልል ቀረሁ» አሉኝ።

በዓመቱ እሽቅድድሙ ተመልሶ መጣ። ኮሚቴው ያው ነው፣ ሰብሳቢውም ያው። የዚያን ዓመቱን ዋንጫ «የዮናስ መታሰቢያ» አሉትና ጋሽ ተሰማን ሽልማት እንዲሰጡ ጋበዟቸው። አይሄዱም ብዬ ነበር፤ ሄዱ። ድንኳን ውስጥ ከእንግዶቹ ጎን አስቀመጧቸው፤ የታሸገ ውሃ ሰጧቸው። ሰብሳቢው ስለ ዮናስ ጀግንነት ብዙ ከተናገረ በኋላ ውድድሩን በይፋ እንዲያስጀምሩ ማይኩን ሰጣቸው። ጋሽ ተሰማ ተነሡ። ሸሚዛቸው እንደ ወትሮው እስከ አንገት ተቆልፏል።

«መንገዱን ጠርጋችኋል?» አሉ።

ድምፃቸው በድምፅ ማጉያው ሜዳውን ሞላው። ሕዝቡ መጀመሪያ ሳቀ፤ ከዚያ ዝም አለ። እሳቸው ማይኩን እንደያዙ ወደ ሰብሳቢው ዞረው መልስ ይጠብቃሉ። ሰብሳቢው ላቡን ጠረገ፣ ለሙዚቃው ሰውዬ በእጁ ምልክት ሰጠ፤ ዘፈን ተለቀቀ። ማይኩን አንድ ሰው በትሕትና ከእጃቸው ወሰደው። ሞተሮቹ ተነሡ። ስማቸው ተሰማ ሆኖ ሰሚ ያጡ ሰው እያሉ ሹፌሮቹ ቀለዱባቸው። ብዙም ሳይቆይ ዓይንዎ አያይም ተብለው ከስምሪት ተነሡና ጡረታ ወጡ።

ጡረታ ከወጡ በኋላ የሚጠይቋቸው ሰዒድና እኔ ነበርን። እሑድ እሑድ መሄዳቸውን ግን ዘነበች እስክትፈታ አላቋረጡም። ስትፈታ መጥታ አላየቻቸውም፤ እሳቸውም አልጠበቁም። ለበሽታቸው ሐኪሙ ሌላ ስም ሰጥቶታል፤ እኔ ግን የዘነበች ነገር እስከ መጨረሻው እንዳልለቀቃቸው አውቃለሁ።

ከቀብራቸው በኋላ ድንኳን ተተከለ። ለዘነበች የነገርኳት እኔ ነኝ፤ አትመጣም ብዬ ነበር። ነጠላዋን ዘቅዝቃ መጣችና ከሴቶቹ መጨረሻ፣ መግቢያው ጋ ተቀመጠች። ያወቋት ሴቶች ትንሽ ሸሸት አሉ።

የኮሚቴው ሰብሳቢ አሁን ትልቅ ሰው ሆኗል። ስለ ሟቹ አጭር ቃል ልናገር ብሎ ተነሣ። ደግነታቸውን ተናገረ፤ ታታሪነታቸውን ተናገረ። ከዚያ እንዲህ አለ፤

«ጋሽ ተሰማ እውነትን የሚወዱ ሰው ነበሩ። በልጃቸው ሞት ጊዜ በግል ጥረታቸው ምክንያቱን መርምረው፣ ጥፋተኛዋ ለሕግ እንድትቀርብ ያደረጉ ቆራጥ አባት ነበሩ።»

የሰው አንገት ወደ መግቢያው ዞረ። ሰዒድ ከወንዶቹ በኩል ሊነሣ ሲል ሽማግሌዎች ትከሻውን ይዘው አስቀመጡት። ዘነበች ተነሣች። የምትወጣ መስሎኝ ነበር፤ እሷ ግን በተቀመጡት ሴቶች መካከል እያለፈች ወደ ውስጥ ዘለቀች። ሰብሳቢው ንግግሩን አላቋረጠም። እትዬ አስካለ ፊት ደርሳ ጎንበስ አለችና «እግዚአብሔር ያጽናዎት» አለቻቸው።

እትዬ አስካለ ቀና ብለው አዩዋት። ከፍርድ ቤቱ ቀን ወዲህ ፊት ለፊት ሲተያዩ የመጀመሪያቸው መሆን አለበት። ከዚያ ባላቸው በሕይወት ሳሉ አንድም ቀን ያላነሡትን ነገር፣ እኔ ከጎናቸው ሆኜ በምሰማው ድምፅ ጠየቋት።

«እንጠርጋለን ብለውሽ ነበር?»

«መጥረጊያዬን ከእጄ ተቀብለውኝ» አለች ዘነበች።

እትዬ አስካለ ሰብሳቢውን አዩት። ረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ ፈቀቅ አሉና ከጎናቸው ያለውን ምንጣፍ በመዳፋቸው እየመቱ «ተቀመጪ» አሏት።

«ይህን ያኔ ፍርድ ቤት ቢጠይቁኝ ኖሮ እትዬ» አለች ዘነበች። አልተቀመጠችም። እጃቸውን ስማ ነጠላዋን አስተካክላ ወጣች። ሰዒድ ተከትሏት ወጥቶ በሞተር ላድርስሽ ሲላት ሰማሁ፤ አይ፣ በእግሬ ነው የምሄደው አለችው። ድንኳኑ ውስጥ ሰብሳቢው ንግግሩን ጨርሶ «ነፍሳቸውን ይማር» ሲል፣ የተቀመጠው ሰው ሁሉ እንደ ደንቡ አብሮ «ይማር» አለ።